«ቪታሚን ነው፤ አይጎዳም» ያልነው ክኒን

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ በኋላ ለኅትመት በመጠኑ የተስተካከለ ትምህርት)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማቱ ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ርዕሳችን ማዕድ ላይ ተቀምጣችሁ የምታዳምጡንን ትንሽ ሊያሳፍር ይችላል። የምንነጋገረው ስለ ሆድ ድርቀትና ሆድን ለማለስለስ ተብሎ ስለሚወሰደው የማግኒዢየም ክኒን ነው። ይሁን እንጂ ዲናችን በዚህ ጉዳይ አያፍርም። ሙሽሪኮች ሰልማን አል-ፋሪሲን (ረ.ዐ.) ነብያችሁ የመጸዳጃውን ነገር ሳይቀር ያስተምሯችኋል እያሉ ሊያፌዙባቸው በሞከሩ ጊዜ፣ ሰልማን አዎን ብለው ሥርዓቱን ሳያቅማሙ እንደዘረዘሩላቸው ሙስሊም ዘግበዋል። እኛም የእርሳቸውን ፈለግ እንከተላለን።

ይህን ርዕስ እንድናነሳ ያደረገን በራሳችን ላይ የደረሰ ጉዳይ ነው። በ1445 ዓመተ ሂጅራ ረመዷን ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2016 ዓ.ም. መሆኑ ነው። እኛ በምናሰግድበት ጉለሌ ባለ መስጂድ ከፊተኛው ሰፍ የማይጠፉ አንድ ሐጂ አሉ። ስማቸውን አንጠራም። ታሪኩን እንድንናገር ግን ፈቅደውልናል፤ እንዲያውም «ሌላው ሰው ይጠንቀቅበት» ብለው ያሳሰቡን እርሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል፤ የስኳር ሕመም ካገኛቸው ደግሞ ሃያ ዓመት ተቆጥሯል።

አንድ ቀን ከዐስር ሰላት በኋላ ጠጋ አሉንና ከጃኬታቸው ኪስ አንድ ነጭ ብልቃጥ አወጡ። ውጭ አገር ያለች ልጃቸው በሰው ሻንጣ የላከችላቸው ነው። «ኡስታዝ፣ እስቲ ይህችን እንግሊዝኛ አንብብልኝ» አሉን። አነበብንላቸው፤ «ማግኒዢየም፣ 500 ሚሊግራም» ይላል። «ለሆድ ድርቀት ፍቱን ነው አሉኝ። ጾሙ ከገባ ወዲህ ሆዴ እንደ ድንጋይ ሆኗል። ልውሰደው?» አሉ። እኛም ሳናመነታ «ቪታሚን ነው፤ አይጎዳም፤ በቢስሚላህ ይውሰዱት» አልናቸው።

ልብ በሉ! ማግኒዢየም ቪታሚን እንኳ አይደለም፤ ማዕድን ነው። ኮሌጅ ገብተን እንግሊዝኛ ማንበብ መቻላችን ያወቅን አስመሰለን እንጂ የምናውቀው ነገር አልነበረም። ኩላሊትዎ እንዴት ነው ብለን አልጠየቅናቸውም። ሌላ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ አላልንም። ይባስ ብሎ በማግስቱ ሌሎች ሁለት አባቶች መጥተው ሲጠይቁን ያንኑ መልስ ደገምንላቸው።

ክኒኑ መጀመሪያ ሠራ። ሐጂ ደስ ብሏቸው በየሰላቱ ዱዓ ያደርጉልን ጀመር። የመጨረሻዎቹ ዐሥር ሌሊቶች ሲቃረቡ ግን ሆዳቸው እንደገና ደረቀባቸው፤ ያን ጊዜ መጠኑን በራሳቸው ጨመሩት፤ ሁለት በኢፍጣር፣ ሁለት በሱሑር። ይህ በቀን 2000 ሚሊግራም መሆኑ ነው። ቀስ በቀስ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላቸው ጀመር። «ሰውነቴ ከበደኝ» ሲሉን ተራዊሑ አድክሟቸው ነው አልን። ቤተሰቦቻቸው ደግሞ «ሁለት ቀን ሙሉ ሽንት ቤት አልወጡም» ብለው ክኒኑን በማር ውሃ እየበጠበጡ፣ በእንቅልፍ ልብ እያሉ ጭምር ያጠጧቸው ነበር። በሃያ አራተኛው ሌሊት ከሱጁድ መነሣት አቃታቸው።

ሁለት ወጣቶች ተሸክመው አወጧቸው። ስኳራቸው የወረደ መስሎን ተምርና ስኳር ውሃ ፈለግን፤ ቤት ባለው መሣሪያ ሲለካ ግን ስኳራቸው አልወረደም። ሆስፒታል ስናደርሳቸው የደም ግፊታቸው ወርዶ፣ የልብ ምታቸው ዘግይቶ፣ ሲጠሯቸው ዓይናቸውን ገልጠው መልሰው ይከድኑ ነበር። ተረኛው ሐኪም ወጣት ነው፤ የሚወስዱትን ነገር በሙሉ፣ የባህሉንም የዘመናዊውንም፣ አምጡ አለ። የልጅ ልጃቸው በፌስታል ይዞ መጣ። ሐኪሙ ብልቃጡን እንዳየ ደም አስቀድቶ ላከ። ውጤቱ ሲመጣ በደማቸው ያለው ማግኒዢየም ከልክ በላይ ሆኖ ተገኘ፤ ኩላሊታቸውም ከተዳከመ ቆይቶ ኖሯል። ወዲያው በደም ሥራቸው ካልሲየም ተሰጣቸው፤ ካልሲየም ማግኒዢየም በልብና በነርቭ ላይ የሚያደርሰውን ጫና ይቋቋማልና። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ በሕይወት አሉ።

ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ «ይህን ማን አዘዘላቸው?» ብሎ ጠየቀ። ልጃቸው ምንም አልተናገረችም። ወደ እኛ አየች።

የጃቢርን (ረ.ዐ.) ሐዲስ ስንት ጊዜ አስተምረነዋል! አቡ ዳውድ እንደዘገቡት፣ በጉዞ ላይ የነበረ አንድ ሰው ራሱ ላይ በድንጋይ ቆሰለ፤ ከዚያም ጀናባ ሆነ። ባልንጀሮቹን በተየሙም ላብቃቃን ቢላቸው፣ ውሃ እያለ ፈቃድ የለህም አሉት። ታጠበ፤ ሞተም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነገሩ ሲነገራቸው በሰዎቹ ላይ ክፉኛ ተቆጡ፤ ለሞቱም ተጠያቂ አደረጓቸው፤ ያላወቀ ሰው ፈውሱ መጠየቅ መሆኑንም ነገሩ። እነዚያ ሰዎች ክፋት አልነበራቸውም። ያጠፉት የማያውቁትን እንደሚያውቁት አድርገው መመለሳቸው ነው። ይህን ሐዲስ ሁልጊዜ በፊቅህ ጥያቄ ለሚቸኩሉ ወጣቶች ነበር የምንጠቅሰው፤ ወደ ራሳችን መልሰን ያነበብነው ያን ሌሊት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነው። በሕክምና ሳይታወቅ አክሞ ጉዳት ያደረሰ ሰው ተጠያቂ እንደሚሆን የሚናገር ሌላ ሐዲስም አቡ ዳውድ፣ ነሳኢና ኢብኑ ማጃህ ዘግበዋል። የፊቅህ ሊቃውንት የሐኪምን ተጠያቂነት ሲያብራሩ ይህን መሠረት ያደርጋሉ።

አሁን ወደ ክኒኑ እንመለስ። ማግኒዢየም ሰውነታችን የሚፈልገው ማዕድን ነው፤ ለጡንቻ፣ ለነርቭ፣ ለልብ ያገለግላል። አንድ ጤናማ አዋቂ በቀን ከ310 እስከ 420 ሚሊግራም ያህል ያስፈልገዋል፤ ይህም በአብዛኛው ከምግብ ይገኛል። የእኛ ጤፍ እንኳ በ100 ግራም ውስጥ 180 ሚሊግራም ያህል አለው፤ ባቄላው፣ ሽምብራው፣ ጎመኑም እንዲሁ። ከምግብ የሚገኘው ለጤናማ ሰው አይጎዳም። በክኒን መልክ ለሚወሰደው ግን የአሜሪካ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1997 በቀን ከ350 ሚሊግራም እንዳያልፍ ወሰን አበጅተውለታል። ከዚህ በላይ ሲሆን ሆድ ማስቀመጥ ይጀምራልና ነው። እንግዲህ ሐጂ የወሰዱት የዚህን ወሰን ከአምስት እጥፍ በላይ ነበር።

ሆድ የሚያስኬደውስ እንዴት ነው? እናቶቻችን በደንብ ያውቁታል። ለሰላጣ የተከተፈ ቲማቲም ላይ ጨው ነስንሳችሁ ጥቂት ብታቆዩት ሳህኑ ውሃ ይሞላል፤ ጨው ውሃን ይስባልና። ማግኒዢየምም በአንጀት ውስጥ አብዛኛው ወደ ደም ሳይገባ ይቀርና ከሰውነት ውሃ እየሳበ የደረቀውን ያለሰልሳል፤ አንጀቱም ይንቀሳቀሳል። በፋርማሲ የሚሸጠው «ሚልክ ኦፍ ማግኔዥያ» የሚባለው ነጭ ሽሮፕ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በሠላሳ ደቂቃና በስድስት ሰዓት መካከል ሥራውን ይጀምራል። ታዲያ ውሃው የሚመጣው ከየት ነው? ከራሳችን ሰውነት ነው። ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጣ የዋለ ጿሚ በኢፍጣር አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ ይህን ቢወስድ፣ ካለችው ላይ ነው የሚቀዳበት።

ወደ ደም የሚገባውን ትርፍ ማግኒዢየም የሚያስወግደው ኩላሊት ነው። ኩላሊት ጤናማ ከሆነ በሽንት ያወጣዋል። ኩላሊት ከደከመ ግን ይጠራቀማል። በሽተኛው መጀመሪያ ይደክመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ያንቀላፋል፤ ከዚያ ጡንቻው ይዝላል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ የልብ ምቱ ይዘገያል፤ ሲከፋም ትንፋሽና ልብ ሊቆም ይችላል። ሆዱ በጣም የደረቀ ሰው ላይ ደግሞ ክኒኑ አንጀት ውስጥ ስለሚቆይ ወደ ደም የሚገባው ይበዛል። አልሠራም ተብሎ ሲጨመር አደጋው የሚከፋው ለዚህ ነው። በሐጂ ላይ የሆነው ይኸው ነበር።

ይህ የአንድ ሰው አጋጣሚ እንዳይመስላችሁ። ጃፓን ውስጥ ማግኒዢየም ኦክሳይድ ለሆድ ድርቀት በብዛት ይታዘዛል። የአገሪቱ የጤና ባለሥልጣናት እ.ኤ.አ. በ2008 መድኃኒቱን በሚወስዱ ሰዎች ላይ በደም ውስጥ የማግኒዢየም መብዛት መታየቱን፣ የሞቱም እንዳሉ ገልጸው ሐኪሞችን አስጠነቀቁ፤ በ2015ም ማስጠንቀቂያውን አጠበቁት። አዛውንቶችና ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሰዎች በተለይ እንዲጠነቀቁ አሳሰቡ። ያም ሆኖ መድኃኒቱን አላገዱም፤ ለሚገባው ሰው ጠቃሚ ነውና። የአሜሪካ የጨጓራና የአንጀት ሐኪሞች ማኅበራትም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት መመሪያ ሥር ለሰደደ የሆድ ድርቀት ማግኒዢየም ኦክሳይድን ከአማራጮች አንዱ አድርገው፣ በትንሽ መጠን እንዲጀመር፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን እንዲርቀው መክረዋል። ስለዚህ ክኒኑ ሐራም ነው ወይም መርዝ ነው እያልን አይደለም። መድኃኒት ነው፤ እንደ መድኃኒት ይያዝ ነው የምንለው።

ስለ ኩላሊት ለጉለሌ ሰው ብዙ መናገር አያስፈልግም። በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው እዚሁ እኛ ዘንድ፣ በጳውሎስ ሆስፒታል፣ መስከረም 2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) ነው። ጁምዓ ከተሰገደ በኋላ በየመስጂዱ በር የሐኪም ወረቀት ይዘው ለኩላሊት እጥበት ርዳታ የሚጠይቁ ወንድሞችና እህቶች ስንት ናቸው! ብዙዎቹ ኩላሊታቸው መጎዳቱን ያወቁት ዘግይተው ነው። ስኳርና ደም ግፊት ኩላሊትን በዝምታ ነው የሚበሉት፤ ሕመም የለው፣ ምልክት የለው። ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ሰው ማግኒዢየም ከመውሰዱ በፊት የኩላሊት ምርመራ ያድርግ ስንል ምክንያታችን ይህ ነው። ምርመራው ተራ የደም ምርመራ ነው።

ሆድን የሚያስኬድ መድኃኒት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ለኮሶ ትል በየሁለት ወሩ ያህል ኮሶ ይጠጡ ነበር፤ ኮሶ የጠጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ከቤት አይወጣም፤ አንዳንዱም ተዝለፍልፎ ይወድቅ ነበር። የጉሎ ዘይት አለ። መርካቶ የቅመም ተራ ብትሄዱ ሰናመኪ ታገኛላችሁ። እዚህ ጉለሌ ፓስተር በምንለው ግቢ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የባህል መድኃኒቶች ሲመረመሩ የኖሩትም ዕፅዋት ጥቅምም ጉዳትም ስላላቸው ነው።

ስለ ሰናመኪ ካነሳን ሁላችሁም የምትሰሙት ሐዲስ አለ፤ የአስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) ሐዲስ። አስማእ ለእኛ ሩቅ ሰው አይደሉም። ከባለቤታቸው ከጃዕፈር ቢን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ጋር ወደ ሐበሻ ተሰደው ዓመታት የኖሩ፣ ልጆቻቸውንም እዚሁ ምድር ላይ የወለዱ ሰሓቢይ ናቸው። ቲርሚዚና ኢብኑ ማጃህ እንደዘገቡት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሆድሽን የምታለሰልሺው በምንድን ነው ብለው ጠየቋቸው። ሹብሩም በሚባል ተክል ነው አሉ። ነብዩ ይህ እጅግ የሚያቃጥል ኃይለኛ ነገር መሆኑን ነገሯቸው። በኋላ አስማእ ወደ ሰና ዞሩ፤ ነብዩም ሰናን አወደሱት። በሐዲሱ ሰነድ ላይ ሊቃውንት የተነጋገሩበት መሆኑን ሳንደብቅ እንናገራለን። ብዙ ሰው ከዚህ ሐዲስ የሚይዘው የሰናን ስም ብቻ ነው፤ ሻጩም የሚጮኸው ይህንኑ ነው። እኛ ግን መጀመሪያ ላይ ያለው ጥያቄ ይበልጥ ይገርመናል፤ በምንድን ነው የምትወስጂው? መልሱ ሲሰማም ከኃይለኛው መራቅ ተመከረ። እኛ ሐጂን ይህን አንድ ጥያቄ ብንጠይቃቸው ኖሮ!

ሰናመኪም ቢሆን ከማግኒዢየም በተለየ መንገድ፣ አንጀትን እየቆነጠጠ ነው የሚሠራው። ለጥቂት ቀን ይጠቅማል። ሐዲስ አለው ተብሎ ግን ወር ሙሉ እየተፈላ አይጠጣም። ወጣት እህቶቻችን ለሠርግ ለመክሳት ብለው ይህንንም ማግኒዢየሙንም እንደሚወስዱ ሰምተናል። የሚወጣው ውሃ ነው፤ ስቡ ከቦታው አይነቃነቅም።

ያው የአስማእ ስም የሚነሳበት ሌላም ታሪክ አለ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመጨረሻው ሕመማቸው ሳሉ ቤተሰቦቻቸው በአፋቸው ጎን መድኃኒት ጨመሩባቸው፤ እርሳቸው ግን እንዳያደርጉ ምልክት ሰጥተው ነበር። ቤተሰቡ በሽተኛ መድኃኒት ስለሚጠላ ነው ብሎ ተረጎመው። ሲነቁ ድርጊቱን ተቃወሙ፤ በቦታው ካልነበሩት ከዐባስ በስተቀር በቤቱ ያለ ሁሉ ያንኑ መድኃኒት እንዲጠጣ አደረጉ። ቡኻሪ ዘግበውታል። በኢማም አሕመድ ዘገባ ሕክምናውን ያመጡት ከሐበሻ የተመለሱት ሴቶች መሆናቸው፣ ከእነርሱም አስማእ መኖራቸው ተጠቅሷል። ለአባትና ለእናታችሁ እያዘናችሁ በእንቅልፍ ልባቸው ክኒን የምታጠጡ ልጆች ይህን አስታውሱ። የሚያንቀላፋን ሰው መቀስቀስና ለምን እንደሚያንቀላፋ መጠየቅ ይቀድማል፤ ትንታውም ራሱን የቻለ አደጋ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ መነሻው፣ ሆድ ለምን ይደርቃል ወደሚለው እንምጣ። በረመዷን ምክንያቱ ግልጽ ነው። ውሃው ያንሳል፤ በሳምቡሳና በጥብስ እንጀምርና ጎመኑ ይረሳል፤ ከሱሑር በኋላ እንተኛለን። ሆድን ለምግብ ሢሶ፣ ለመጠጥ ሢሶ፣ ለትንፋሽ ሢሶ ማካፈል የተመከረበትን ሐዲስ እናውቀዋለን፤ የመጠጡን ሢሶ ግን ለምግቡ እየሰጠን ነው። ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ውሃ ጥቂት በጥቂት መጠጣት፣ ሾርባውን በአጃ ወይም በገብስ መሥራት፣ ከተራዊሕ በእግር መመለስ ብዙ ሰው ክኒን እንዳያስፈልገው ያደርጋል። የቤታችን ተልባ ደግሞ አለ፤ ተቆልቶ ተወቅጦ በብዙ ውሃ ይጠጣል። ውሃው ካነሰ ግን ራሱ ያደርቃል። ከሌላ መድኃኒት ጋርም በአንድ ጊዜ አይወሰድ።

አንድ የማናልፈው ነገር ጫት ነው። ዒባዳ ያበረታናል እያላችሁ ሌሊቱን ስትቅሙ የምታነጉ ወንድሞች አላችሁ፤ ስለ ጫት ሑክም ዛሬ አንከራከርም። ጫት ሆድ እንደሚያደርቅ ግን የሚቅመው ሁሉ ያውቀዋል። ማታ ጫት፣ ጠዋት ማግኒዢየም፤ አንዱ ሲቆልፍ አንዱ ሲከፍት አንጀት በመካከል ይጎሳቆላል። ቁልፉን ሳይተው መክፈቻ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ይቁጠር።

ሌላው ምክንያት መያዝ ነው። ተማሪው የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ስለሚቀፈው፣ ሠራተኛዋ እህታችን በመሥሪያ ቤቷ ቦታ ስለማታገኝ፣ ሾፌሩ መንገድ ላይ ስለሆነ ይይዛሉ። የያዙት ይደርቃል። ሰው ሽንትና ሰገራ እየታገሉት እንዳይሰግድ በዓኢሻ (ረ.ዐ.) ሐዲስ መከልከሉን ሙስሊም ዘግበዋል። ጀማዓው ይለፍህና ውጣ፤ ተጸዳድተህ፣ ውዱእ አድርገህ፣ ልብህ ተሰብስቦ ስገድ። የመስጂድ ኮሚቴዎችም ምንጣፍ ከመቀየር በፊት የመጸዳጃውን በርና ውሃ ብታዩልን እናመሰግናለን።

መድኃኒትም ሆድ ያደርቃል። ነፍሰ ጡር እህቶቻችን በጤና ጣቢያ የሚሰጣቸውን የአይረን ክኒን «ሆዴን አደረቀኝ» ብለው ይጥሉታል፤ አይጣል፤ ለአዋላጇ ይነገራት። ትራማዶል የሚወስድም ሰው ሆዱ ይደርቃል። ማግኒዢየም በበኩሉ ሌላውን መድኃኒት ከሥራ ያስቀረዋል። ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ዶክሲሳይክሊን ከተባሉት ፀረ ተሕዋስያን ጋር በአንድ ጊዜ ከተዋጠ ይይዛቸውና ወደ ደም እንዳይገቡ ያደርጋል። የእንቅርት ክኒን ታይሮክሲንም ቢያንስ በአራት ሰዓት መራቅ አለበት። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሆነውን ዶሉተግራቪርን የምትወስዱ ደግሞ ከማግኒዢየሙ ሁለት ሰዓት አስቀድማችሁ ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይታችሁ መዋጥ ይኖርባችኋል። በረመዷን ሁሉም መድኃኒት በኢፍጣር አንድ ላይ ስለሚዋጥ ይህ ስሕተት ይበዛል፤ ፋርማሲስት አስቀምጦ ሰዓቱን ቢጽፍላችሁ መልካም ነው።

ጨርሶ የሚያለሰልስ ነገር የማይወሰድበት ጊዜም አለ። ሆድ በድንገት ተነፍቶ፣ ሰገራም ፈስም ከቆመ፣ ማስመለስና ከባድ ቁርጠት ከተጨመረ የአንጀት መጠማዘዝ ሊሆን ይችላል። ይህ በአገራችን፣ በተለይ በወንዶች ላይ፣ በብዛት የሚታይና ቀዶ ሕክምና ሊጠይቅ የሚችል በሽታ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ማግኒዢየምም ተልባም ሳታጠጡ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል አድርሱት። ሰገራ ላይ ደም ካለ፣ ክብደት ካለ ምክንያት ከቀነሰ፣ በእርጅና ጊዜ ያልነበረ ድርቀት አዲስ ከመጣም ምርመራ ያስፈልጋል።

ከአድማጮች ለሚደርሱን የፊቅህ ጥያቄዎች ባጭሩ እንመልስ። ፈጅር ከወጣ በኋላ ክኒን ወይም ሽሮፕ በአፍ መውሰድ ጾምን ያፈርሳል። ሌሊት ተወስዶ ቀን ሆድ ቢያስኬድ ግን ጾሙ አይፈርስም፤ የሚፈርሰው ውዱእ ነው። ተቅማጡ የማይገታ ከሆነ እንደ አብዛኞቹ ሊቃውንት ለየሰላቱ ወቅቱ ሲገባ ተጸዳድቶ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል። ሰውነቱ ውሃ አጥቶ ከተዳከመ ታማሚ ነውና ያፍጥር፤ ሌላ ቀን ይክፈል። በመቀመጫ በኩል ቀን የሚገባው ነገር ላይ ሊቃውንት ተለያይተዋል፤ ብዙኃኑ ያፈርሳል ሲሉ ኢብኑ ተይሚያ አያፈርስም ብለዋል፤ ሌሊቱ ሰፊ ነውና ወደ ማታ ማሸጋገሩ ከውዝግቡ ያወጣል። ሐኪም ማግኒዢየም ያዘዘላችሁም ሰዓቱን እርሱኑ ጠይቁት። በሱሑር የወሰደ ሰው የፈጅርን ጀማዓ በአግባቡ ላይጨርስ ይችላል፤ ደርሶብን ስለምናውቅ ነው።

በመስጂዳችን አሁን እሑድ እሑድ ከዐስር በኋላ ከጀማዓው አንዲት ነርስ እህትና አንድ ፋርማሲስት ወንድም ለአንድ ሰዓት ያህል ይቀመጣሉ። መድኃኒት አይሰጡም፤ ሰው በቤቱ ያለውን ሁሉ በፌስታል ይዞ ይመጣል፣ እነርሱ አንብበው ይነግሩታል፣ ሐኪም የሚያስፈልገውን ወደ ሐኪም ይልካሉ። እኛ ብልቃጥ ሲሰጠን ሳናነብ ወደ እነርሱ እናሳልፋለን። ያን ጊዜ «ይውሰዱት» ያልናቸውን ሁለቱን አባቶችም ከሐጂ መታመም በማግስቱ ቤታቸው ሄደን አቁመናቸዋል፤ አንደኛው ተቆጥተውን ነበር። በመጀመሪያው እሑድ ቀድመው የመጡት ሐጂ ናቸው። በፌስታላቸው ውስጥ ስማቸው የተለያየ ሁለት ብልቃጦች ነበሩ፤ ፋርማሲስቱ አገላብጦ ሲያያቸው ሁለተኛውም ማግኒዢየም ሆኖ ተገኘ። ልጃቸው ሳታውቅ በሌላ ሻንጣ ደግማ ልካው ኖሯል።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋእ ይስጥልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።